በገዛ ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ የሞተችው እናቴ

እናቴ የሞተች ዕለት እኔና እሷ ሽንኩርት እየላጥን ነበር።

እየቀለድኩ አይደለም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቀልድ ራሱ ብዙም አያስቀኝም። ሰላማዊት እባላለሁ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ያን ጊዜ የነበርኩትን ሰው ብታውቁ ዝምተኛ፣ ወረፋ ጠባቂ፣ "ይሁን፣ ያልፋል" ባይ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩበት ካዛንቺስ ፈርሶ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ስንወጣ እንኳ ያለቀስኩት ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የምንኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ ትባላለች። የድሮውን ካዛንቺስ የሚያውቅ ሰው ዘነበች ሻይ ቤትን ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዋናው መንገድ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ወንዙ ዳር፣ ሾላው ሥር ነበር። እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ሮጠው ላባቸው ሳይደርቅ የሚመጡ ስፖርተኞች ነበሩ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚወርዱ ቤተሰቦች፣ ከሌላ ሰፈር ሰው አያየንም ብለው የሚመጡ ፍቅረኞችም ነበሩ። ሁሉም "አየር ልንቀይር" ነበር የሚሉት። እውነቱን ለመናገር ወንዙ አንዳንዴ አየር የሚያስቀይር ሳይሆን አፍንጫ የሚያስይዝ ነበር። እናቴ ዙሪያውን ጤና አዳም የተከለችው፣ ሻዩንም በጦስኝ ያፈላችው ለዚያ ነው።

አሁን ወንዙ ዳር መናፈሻ ሆኗል። ያማረውን አማረ እላለሁ፤ ያምራል። እኛ በነበርንበት ቦታ ላይ አንድ የግል ድርጅት መስታወት በመስታወት የሆነ ሻይ ቤት ሠርቷል። ስሙን ምን ብሎት ነበር መሰላችሁ? "ዘነበች የወንዝ ዳር ሻይ ቤት።" ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ይህን እኔም አላውቅም፣ ባለ ስሟ እናቴም አታውቅም። እኛ ሽንኩርታችንን ነበር የምንልጠው።

መጀመሪያ የደወሉልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ከጫፍ ጫፍ እየዞሩ የሚያስነሱን እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ ጥሩምባቸውን ሰቅለው በስልክና በቴሌግራም ነው የሚነፉት።

"ሰላምዬ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። "ምነው እንዲህ ጨከንሽብን?"

"ምን አደረግኩ ጋሼ?"

"እኛ ለአንቺ ባዳ ነን? አንድ ቃል ይከብዳል?"

"ጋሼ፣ ምን እንደሚሉኝ አልገባኝም።"

"በስልክ አይሆንም። መንገድ ላይ ነን፤ እየመጣን ነው" ብለው ዘጉት።

ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ እትዬ ጽጌ ደወለች። እትዬ ጽጌ ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ የእናቴ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናት። "ሄሎ" አልኳት። ሳግ ብቻ ሰማሁ፤ እሷም ዘጋችው።

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ምን አሉሽ?"

"ምንም። እየመጡ ነው።"

"በደህና ነው?"

"እኔ እንጃ እማዬ።"

የኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሞት በስልክ አይነግርም። ያድበሰብሳል፣ "እንዲሁ ልንጠይቅሽ ነው" ይላል፣ ሰብሰብ ብሎ መጥቶ ያረዳል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለስንቱ መርዶ አብራ የሄደች ሴት ናት። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከኔ በላይ ታውቃለች። ከፊቷ ላይ ደሟ ሲሸሽ አየሁት።

"ለታደሰ ደውይለት" አለችኝ።

ታደሰ ታላቅ ወንድሜ ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያችው የስልክ ሴትዮ። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የማይኖርበት ቦታ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ያን ሰዓት ማን ያስታውሰዋል?

"ልጄን ነው የደበቁኝ" አለች እናቴ። "ለአንቺም ነግረውሻል። ዓይንሽን አየሁት።"

"እማዬ በማርያም፣ ምንም አልነገሩኝም!"

"የሽንኩርት እንባ አይደለም ያ።"

የሽንኩርት ነበር። እናቴ ግን ከወንበሯ ተነስታ መሬት ቁጭ አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧን አሰረች። የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷን ባቀርብላት እጄን ገፋችው። "ለማን ብዬ?" አለችኝ። ያቺን ሰዓት ጠላቴ እንኳ እንዲያያት አልፈልግም። ለወንድሜ እደውላለሁ፣ አይነሳም፤ ለጋሽ ደምሴ እደውላለሁ፣ አያነሱም። እናቴ ከወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች የልጇን ስም በሹክሹክታ ትጠራለች። እኔ ራሴ ወንድሜ መሞቱን አምኜ ጨርሼ ነበር። እንዴት ተሳፍረን እንደምንሄድ፣ አስከሬኑን የት እንደምንቀበል ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ከታች የመኪና ድምፅ መጣ። በመስኮት ባይ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ሙሉ የካዛንቺስ ሰው እየተራገፈ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ የእድሩን ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ በሰሃን የተሸፈነ ንፍሮ ተሸክመዋል። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ከድር ሳይቀሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ደረጃውን ጀምረዋል። ለቅሶው አንደኛ ፎቅ ላይ ተነሳ፤ ሁለተኛ ላይ ደመቀ፤ ሦስተኛ ላይ የማናውቃቸው ጎረቤቶች በራቸውን ከፍተው ወጡ። የእትዬ ጽጌ ሙሾ ከሁሉ በላይ ይሰማኛል፦

ማን ያጠጣን ይሆን ሻይ በጦስኝ ቀምሞ፣
የዘነበች ደጃፍ ቀረ አሉ ጨልሞ።

እናቴ የሰማችው ስሟን ብቻ ነው። "የዘነበች ልጅ" ያሉ መሰላት። "ታደሰዬ! ልጄን!" ብላ እየጮኸች ተነስታ በሩን በረገደችው።

ደጃፉ ላይ እትዬ ጽጌ ሁለት እጇን ወደ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። እናቴም ደረቷን ለመምታት እንዳነሳችው እጇ ቀረ። እነሱ ለእሷ ያለቅሳሉ፤ እሷ ለልጇ ታለቅሳለች። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ወገን እያለቀሰ እርስ በርስ ተያየ።

"በስመ አብ ወወልድ!" አለች እትዬ ጽጌ፤ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ከኋላ ያሉት ባይደግፏት ደረጃውን በጀርባዋ ትወርደው ነበር።

"ታደሰ ምን ሆነብኝ? ንገሩኝ!"

"ታደሰ? የምን ታደሰ?" አሉ ጋሽ ደምሴ። "አንቺ… አንቺ አልሞትሽም እንዴ?"

ሐጂ ከድር ከደረጃው ላይ "አልሐምዱሊላህ! እዚያው ናት? ቆማለች?" ብለው ሲጣሩ ነው እንደገና ሰው መተንፈስ የጀመረው።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩን። ከሰፈራችን ልጆች አንዷ ዓርብ ማታ አዲሱ ሻይ ቤት ገብታ ግድግዳው ላይ ያየችውን አንስታ በሰፈሩ ቴሌግራም ለቃዋለች። የእናቴ ፎቶ ነው፤ ወጣት ሆና፣ ሾላው ሥር፣ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ። ፎቶው ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ተጋድሟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ይህ ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ መኳንንትና ባለጸጎች የሚናፈሱበት ነበር። በኋላም ደጓ እናት ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ ሻይ ቤት መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል። ነፍስ ይማር።"

"ቀብርሽ ያመለጠን መስሎን እኮ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ እንደ ሕፃን እያለቀሱ። "ሳንሰማ ቀበሯት አልን። ዘነበችን ሳንቀብር ቀረን ብለን ሌሊቱን ሙሉ ስንቆጭ አደርን።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ትሑት የሆኑ ወጣቶች ከድርጅቱ መጥተው "ታሪክ እያሰባሰብን ነው" ብለው እናቴን አነጋግረው ነበር። እናቴ ፎቶዋን ከግድግዳ አውርዳ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መርቃ የሰጠቻቸው እኔ ፊት ነው። እነሱ ወስደው ገደሏት። እናቴ ያን ጠዋት በእውነት አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ ተጠያቂው ማን ይሆን ነበር? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሰዉ ሁሉ ገባ። ቦታ ስላልበቃ ደረጃው ላይም ተቀመጡ። ንፍሮው ተበላ፤ ምን ይደረጋል፣ ለሞት የመጣ ንፍሮ ለሕይወት ተቆረጠመ። ከሰዓት በኋላ ታደሰ ከመንገድ ሲደውል እናቴ ስልኩን ነጥቃኝ "አንተ ጋጠ ወጥ፣ ለምን አታነሳም!" ብላ ሰደበችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ዞር ብላ ሰዎቹን አየቻቸው።

"እስቲ ምን ብላችሁ ልታለቅሱልኝ ነበር?"

"ወግጂ! ሟርት ነው" አለች እትዬ ጽጌ።

"ሟርቱንማ እነሱ ጨርሰውታል። ንገሩኝ።"

ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ የመጀመሪያዋን ቀን ነበር የማነሳው" አሉ። "ዘነበች ወንዙ ላይ ልብስ ስታጥብ፣ እኛ መኪና አጣቢዎቹ ከወዲያ ማዶ ቆፈን ይዞን ስንንቀጠቀጥ አየችን። ለራሷ ያፈላችውን ሻይ በጣሳ አሻገረችልን። በማግስቱ ድንጋይ ላይ ብርጭቆ ደርድራ ጠበቀችን። ሻይ ቤቱ ያ ነው። አንድም መኳንንት አላየሁም።" ሰው ሁሉ ሳቀ። "በረመዳን ደግሞ" አሉ ቀጥለው፣ "አዛን እስኪል ማንቆርቆሪያውን እሳት ዳር አቆይታ ታስፈጥረን ነበር።"

ጋሽ ደምሴ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ጣሪያውን ሲወስደው ያዩትን አነሱ። በሳምንቱ እሑድ ሊዝናኑ የመጡት ደንበኞች ቤቱን ሲያጡት ዝም ብለው አልተመለሱም፤ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ምስማር ይዞ መጥቶ የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጣሪያ ሲመቱ ዋሉ። እትዬ ጽጌ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር እናቴ ሻይ ቤቱን ዘግታ ብርጭቆውን፣ አግዳሚውን፣ ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ወደ ድንኳኑ ታስጭን እንደነበር አስታወሰች። "የሩቅ ሰው ለመዝናናት መጥቶ ዝግ ሲሆንበት፣ 'ማን ሞቶ ነው?' ብሎ ጠይቆ ድንኳን ገብቶ አፅናንቶ የሚሄድበት ሻይ ቤት ነበር" አለች። "ይህን ነበር የማለቅስልሽ።"

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አውቶብሱ አለ አይደል? ተነሱ። ሬሳው ራሱ ሊያያቸው ይሄዳል።"

ካዛንቺስ ስንደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። አንድ አውቶብስ ሙሉ ለቀስተኛ መስታወት ቤት ሲገባ ሻይ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ፤ ኬካቸውን የያዙ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ። አንድ ጨዋ ጎልማሳ ወደ እናቴ ቀረብ ብሎ "እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ" አላት።

"አሜን ልጄ" አለችው። "የሞትኩት እኔ ነኝ።"

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሸሚዙ የነጣ፣ ንግግሩ የለዘበ ወጣት ነው። እናቴ ከፎቶዋ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ልጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ።

"እማማ… ማለቴ… ታሪኩን ያሰባሰቡት ልጆች በስልክዎ ደጋግመው ደውለው ነበር። አይሠራም። ሰፈሩም ተነስቷል። በቃ፣ በዕድሜም ስለገፉ…"

"በዕድሜም ስለገፋሁ ሞትኩ?"

"አይ፣ እንደሱ ለማለት ሳይሆን…"

እኔ፣ ያቺ ወረፋ ጠባቂዋ ሰላማዊት፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ ጮኽኩ፦ "ስልኩ የማይሠራ ሰው ሁሉ ይቀበራል? ሲም ካርድ ቀየረች እንጂ ነፍስ አልቀየረችም! ቤቷን ያፈረሱባትን ሴት ፈልጎ ማግኘት ይህን ያህል ከበዳችሁ? ስሟን በራችሁ ላይ ለመለጠፍማ አልከበዳችሁም!"

"እህቴ ተረጋጊ፤ ነገሩ ፕሮሰስ አለው። ለሕግ ክፍል ሪፖርት አደርጋለሁ።"

እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ልጄ" አለችው ለስለስ ብላ፣ "ከአንተ ምንም አልጠይቅም። ሻይ ቤቱ የናንተ ነው፤ ይመቻችሁ። መኳንንቱን አውጣና መኪና አጣቢዎቹን አስገባ። እኔን ደግሞ አስነሳኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"እሺ እማማ። ቃሌ ነው" አለ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት። እኔም አመንኩት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደወለ። "ተስተካክሏል፤ መጥታችሁ እዩት" አለኝ። እሑድ ነበር። እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። ጋሽ ደምሴም አብረውን መጡ። በሩ ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ ከላይ ያለው ጽሑፍ "የወንዝ ዳር ሻይ ቤት" ብቻ ይላል። "ዘነበች" የሚለው ተነቅሎ ቦታው ላይ የማጣበቂያው ነጠብጣብ ቀርቷል። ወደ ውስጥ ገባን። ጥቁሩ ጥብጣብ የለም። ፎቶው አለ፤ ግን ተቆርጧል። አንድ እጅና አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ። ከክንዷ በላይ እናቴ የለችም።

"መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። "ይህ ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ መኳንንትና ባለጸጎች የሚናፈሱበት ነበር። በኋላም አንዲት የአካባቢው እናት ሻይ ያፈሉበት እንደነበር ይነገራል።"

"ስሜስ?"

"የለም እማዬ።"

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ እጁን እያፍተለተለ አስረዳን። የሕግ ክፍሉ ተወያይቶበታል። ሟች ቢሆኑ ስማቸውንና ፎቷቸውን መጠቀሙ ችግር አልነበረውም አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነገ ሌላ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ ለጥንቃቄ ሲባል ማውጣቱ ይሻላል ተባለ።

"ፈቃዱን ከማን ነበር የምትጠይቁት?" አልኩት።

"ከራሳቸው።"

"ይኸው ፊትህ ቆማለች! ጠይቃት!"

"እኔ ሥልጣኑ የለኝም እህቴ።"

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። ስንቱን ሞት በጥሩምባ የነፉ ሰው፣ ይህን ግን ምን ብለው ይንፉት?

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ "ይሁን፣ ያልፋል" ማለት ትቻለሁ። ያልፋል የምንለው ነገር እኛን ረግጦ ነው የሚያልፈው። አሁን እሑድ እሑድ እዚያው ወንዝ ዳር እሄዳለሁ። አየር ሊቀይሩ የመጡ ሰዎች ያን እጅና ማንቆርቆሪያ ቆመው ሲያዩ ጠጋ እላለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ስለ መኪና አጣቢዎቹም፣ በእሑድ ልብስ ስለተመታው ጣሪያም እነግራቸዋለሁ። አስተናጋጆቹ አንዴ ሊያስወጡኝ ሞክረው ነበር፤ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። እናንተም ከፈረሰ ሰፈር የወጣችሁ ከሆነ ሂዱና ግድግዳውን አንብቡ። ምናልባት ሞታችሁ ይሆናል።

ያን እሑድ ስንወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆም ብላ ማጣበቂያ የቀረበትን ቦታ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ከልቧ ልትረዳው የፈለገች ነው የምትመስለው።

"ሰላም" አለችኝ፣ "ታዲያ ስሜን እንዲመልሱልኝ ልሙትላቸው?"

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሻይ ቤቱን ያቆመችው ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ ናት። በሕይወት አለች።